በሰው አገር ለቅሶ ተቀመጥኩ

በየትኛው ዓመት እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ልጆቼን ብጠይቅ ይነግሩኛል፤ ግን እነሱ ከሚነግሩኝ እኔ የማውቀውን ልጻፍ። መስቀል አልፎ ነበር። ይህን የማውቀው፣ ባለቤቴ የዚያን ዓመት መስቀል ከመደብ መነሳት አቅቷት፣ ጎረቤት ቅቤውን ሲያነጥርላት ቁጭ ብላ እያዘዘች ስላሳለፈችው ነው። ከተጋባን ጀምሮ እንዲያ ያለ መስቀል አላየሁም። በሽታዋ ልብ ነው። ልብ ደም የሚያሳልፍበት በር አለው አሉን፤ የእሷ ላልቶ አልገጥም ብሏል። ቡታጅራ አዩአት፣ አዲስ አበባ አዩአት፣ በመጨረሻ ሕንድ አገር ቻንዲጋር የምትባል ከተማ ሂዱ ተባልን። ልጆችና ዘመድ ተረባርበው ላኩን።

እኔ የቃጫ ገመድ ነጋዴ ነኝ። የማውቀው መንገድ ከቡታጅራ እንሴኖ፣ ሲርቅ ደግሞ ቡኢ ነው። ትምህርቴም ማንበብና መጻፍ ላይ ቆሟል። ያቺ ከተማ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተሥላ፣ ኋላ ነው አሉ መሬት ላይ የወረደችው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ተሰልፎ የቆመ፣ ሰፈሩ በቁጥር የሚጠራ። እዚያ የምትማር አንዲት የቡኢ ልጅ አስተርጓሚ ሆናልን ነበር። ከሆስፒታሉ አጠገብ ያሉትን ሰፈሮች በጣቷ እያሳየች "ይሄ አሥራ ሁለት፣ ያ አሥራ አራት" ስትለኝ፣

"አሥራ ሦስትስ?" አልኳት።

"የለም አባባ።"

"እንዴት የለም?"

"ገደ ቢስ ቁጥር ነው ብለው ዘለሉት ይባላል።"

ይህን ሁሉ አገር በገመድ ለክቶ የሠራ ሰው አንዲት ቁጥር ከፈራ፣ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ሐኪሞቹ ደረቷን ከመክፈታቸው በፊት ጥቂት ቀን ተኝታ ትታይ አሉ። እኔ ከአልጋዋ አጠገብ አልነሳ ስል ባለቤቴ ተቆጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ እንደ ጉጉት አትፍጠጥብኝ! ሂድና ከተማውን አይተህ ንገረኝ። ቡታጅራ ስንመለስ ምን አያችሁ ሲሉን ጣሪያ አየን ልንል ነው?"

"ስንመለስ" ማለቷን ያዝኩና ወጣሁ።

ልጅቷ መጀመሪያ የወሰደችኝ ሰው ሁሉ ከሩቅ አገር ሊያየው ወደሚመጣው ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ ነው። ሲሚንቶው አልተለሰነም፣ ቀለም አልነካውም፤ የጣውላው ምልክት ሳይቀር ይታያል። የአንደኛው ጣሪያ ከሰማይ የሚለምን ይመስል ወደ ላይ ተገልብጧል።

"ባለቤቱ ገንዘብ አለቀበት?" አልኳት። እኛ ዘንድ እንዲያ ያለ ሕንፃ ሞልቷል።

ሣቀች። "አልቆ ነው አባባ! ተፈልጎ ነው እንዲህ የተሠራው።"

ተፈልጎ ከሆነ ምን ይባላል። ግን ፊት ለፊቱ ያለው ሜዳ አስፈራኝ። ያን የሚያህል ሜዳ ሆኖ ሰው የለበትም። በሜዳው ዳር ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ከብረት የተሠራ ትልቅ እጅ ተዘርግቶ ቆሟል። ነፋስ ሲመጣ ይዞራል። እኛ ስንደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ ስንቆም ቀስ ብሎ ዞረና መዳፉን ወደ እኔ አደረገ። ይሰጣልም፣ ይቀበላልም ማለት ነው አለችኝ ልጅቷ። ምን ሊቀበል እንደተዘረጋ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ከውዳቂ ነገር ወደተሠራ የአትክልት ቦታ ሄድን። ሰው አጎንብሶ ካልሆነ በማይገባባቸው በሮች አልፈን ስንወጣ፣ ከተሰበረ ሲኒና ከተሰበረ የሴት አምባር የተሠሩ ሰዎች ተሰልፈው ያዩናል። ሴቶቹ ብዙ ናቸው። ጎብኚው ፎቶ ይነሳል፣ ለእኔ ግን እነሱም የሚጠብቁት ሰው ያለ መሰለኝ።

ማታ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። እጁን ትቼ።

"ከስባሪ ሰው ይሠራሉ?" አለች።

"ይሠራሉ።"

"እንግዲያማ እኔን መጠገን አያቅታቸውም" አለችና ዞራ ተኛች።

ነገ ደረቷ ሊከፈት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። ልጅቷ ትምህርት ነበራት። ነጠላዬን ለብሼ ትንሽ እንደሄድኩ በቤቶቹ መሀል የሚያልፍ ሰፊ ሣር አገኘሁ። ልቤ ደስ አለው። በእኛ መንደር ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በመሀል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ አለ፤ ጀፎረ እንለዋለን። አጥሩን ገፍቶ የሚገባበት የለም፤ የጋራ ነው። ይኸው እዚህም ጀፎረ አለ ብዬ መሀሉን ይዤ ሄድኩ።

ራቅ ብሎ ሰዎች ነጭ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ጫማቸውን ዳር አውልቀዋል፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ። አንድ ሰው በዜማ ያነባል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው እኮ! በዓላቸው ነው አልኩ፤ አምላክ አንድ ነው፣ ለባለቤቴ እለምናለሁ ብዬ ጫማዬን አውልቄ ከወንዶቹ ኋላ ተቀመጥኩ። ማንም ምን ትሠራለህ አላለኝም። አንዱ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ኋላ ሰው በየተራ ተነሥቶ አበባ ከሰሐን እየዘገነ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። እኔም ዘግኜ ተከተልኩ። ተራዬ ሲደርስ ከፊቴ የነበረው ሰው ዞር ሲልልኝ አበባው የሚቀመጥበትን አየሁ። በአበባ ጉንጉን የተከበበ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ነው። ዕድሜዋ የባለቤቴ ዕድሜ።

ለካ በገዛ እግሬ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ። እኛ ዘንድ አልጋ ላይ በሽተኛ ያለበት ሰው ስለ ሞት እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም፤ እኔ ነጭ ለብሼ፣ አበባ ይዤ፣ በዋዜማው። መሮጥ አማረኝ። ግን ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሳይጨርሱ መነሣት ነውር ነው። አበባውን አስቀመጥኩና፣ ከፎቶው አጠገብ ለተቀመጠው ሽማግሌ በአማርኛ "እግዚአብሔር ያጥናዎ" አልኩት። ሁለት እጁን ገጥሞ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ።

ስነሣ መንገዱ ጠፋኝ። ሁሉም ማዕዘን አንድ፣ ሁሉም ዛፍ አንድ። ሳርና ቤት፣ ሳርና ቤት። ሽማግሌው ቆሜ ስዞር አየኝ። አንገቴ ላይ ያለውን የአስታማሚ መታወቂያ ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ። ክንዴን ያዘና ለቅሶኞቹን ትቶ እስከ ሆስፒታሉ በር ወሰደኝ። እዚያ ሲደርስ አልገባም፤ ሕንፃውን ቀና ብሎ ብዙ አየ። እኔም ባለቤቴ ያለችበትን መስኮት በጣቴ አሳየሁት። ምነው ባላሳየሁት አልኩ ወዲያው።

ምንም ላልነግራት ወስኜ ገባሁ። እሷ ግን ከነጠላዬ ጥለት ላይ የአበባ ቅጠል አነሣች።

"ይሄ ምንድን ነው? ሙሽራ አገኘህ?"

መዋሸት አልችልበትም። ነገርኳት። ቅጠሏን በጣቷ እያገላበጠች፣

"እስኪያበቃ ተቀመጥክ?"

"ተቀመጥኩ።"

"ደግ አደረግክ። ለቅሶ ብድር ነው" አለች። ቅጠሏን ግን መሬት አልጣለቻትም፤ ትራሷ ሥር ከተተቻት። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

በማግስቱ በጠዋት ወሰዷት። በሩ ተዘጋ። እኔና ልጅቷ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ በኮሪደሩ ጫፍ ነጭ የለበሰ ሰው ብቅ አለ። ያ ሽማግሌ ነው። የለቅሶ ቤት ሰው አስቀድሞ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ አልኩ። "መልሺው" ልላት ስል እሱ ለልጅቷ አንድ ነገር ተናገረ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምን አለ? ንገሪኝ!"

"አባባ፣ የባለቤታቸውን መርዶ የሰሙት እዚሁ አግዳሚ ላይ ነው አሉ። ያን ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ። ትናንት መታወቂያዎ ላይ የልብ ክፍል የሚለውን አይተው፣ እርስዎ ብቻዎን እንዳይሆኑ ጠይቀው ነው የመጡት።"

ጠጋ አልኩለት። ተቀመጠ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እኔ ብቻ ሳልሆን እሱም ይደነግጥ ነበር። ከቤቱ ያመጣውን ሻይ ቀዳልኝ፤ ሁለታችንም አልጠጣነውም። ቀኑ ወደ ማምሻ ሲዞር ሐኪሙ ወጣና ተናገረ። እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ የሽማግሌውን ፊት አየሁ። ሲያለቅስ አለቀ ነገሩ ብዬ ወደቅኩ። ልጅቷ ናት "ተርፋለች አባባ፣ ተርፋለች!" እያለች ያነሣችኝ።

አሁን ቡታጅራ ነን። በልቧ ውስጥ የተተካው በር ብረት ነው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ስሰማው እሰጋለሁ፤ ካልሰማሁት ደግሞ ሥራዬን ትቼ እሄድና አጠገቧ እቀመጣለሁ። "ደግሞ እንደ ጉጉት!" ትለኛለች።

እሷን ያተረፏት ሐኪሞቹ ናቸው። እኔን ያን ቀን ያሻገረኝ ግን፣ በሚስቱ ለቅሶ ማግስት ተመልሶ እዚያው አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ያ ነጭ ለባሽ ሽማግሌ ነው።