እማዬ አልፈታም ያለችው ቀይ ክር

እኔን ሰው ሸውዶኝ አያውቅም። አምና በሰኔ ጾም ግን ራሴው ራሴን ሸወድኩት፤ ለዛ ነው ያ ቀን ከአእምሮዬ የማይወጣው።

ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። ሰው ማንበብ ከተባለ ግን ዲግሪ አለኝ። አጭበርባሪውን ገና እግሩን በሩ ላይ ሲያሳርፍ ነው የማውቀው።

እማዬ የስኳር በሽተኛ ናት። ያን ቀን ጠዋት የኢንሱሊን መርፌዋን ተወግታ፣ "ጾም ነው" ብላ እህል ሳትቀምስ ለሆስፒታል ቀጠሮዋ እኛው መኪና ላይ ተሳፈረች። መንገድ ላይ አላባት፣ ወሬዋም ተዘበራረቀ። ደክሟት ነው ብዬ ሂሳብ መሰብሰቤን ቀጠልኩ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ማደያው ሲስተም የለም። ባንኩም ሲስተም የለም። "ይሄ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ዛሬ ለቅሶ ሄዷል" ብዬ ሾፌሩን አሳቅኩት። ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ ክፍሉም ሲስተም የለም። እዚህ ጋ ሳቄ ቀነሰ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ማን መጀመሪያ እንደመጣ፣ ማን እንደባሰበት የሚያውቅ ያለም አይመስል።

እማዬን ግድግዳ አስደግፌ ዞር ስል አንድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ አየሁ። ከኪሱ ክር እየመዘዘ በሽተኛ እጅ ላይ ያስራል። ለአንዱ ቀይ፣ ለአንዱ ቢጫ፣ ለአንዱ አረንጓዴ። ባንዲራ ሊሰቅልብን ነው እንዴ አልኩ በሆዴ።

ወዲያው ትዝ አለኝ። ከዛ ቀን ሳምንታት በፊት በከተማው ኳስ ሜዳ ጋ ስናልፍ ጤነኛ ሰዎች ሳር ላይ ተጋድመው፣ ይኸው ሰውዬ በመሀላቸው እየዞረ ክር ሲያስርላቸው አይቼዋለሁ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ "ጠንቋዩ ሜዳ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ!" ብዬ ጮኬ መኪናው ሙሉ ስቋል። ጠንቋይ ክር ሲያስር እያየሁ ያደግኩ የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ ክር የሚያስር ሰው ላይ ዓይኔ አይሳሳትም።

ሰውየው እማዬ ጋ መጣና ጎንበስ አለ።

"እናቴ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድነው?"

"በጉን አስገባው" አለችው።

ግንባሯን ነካ አደረገ፤ ወዲያው ቀይ ክር እጇ ላይ ቋጠረ። "እንዳትፈታው" ብሎኝ ወደሚቀጥለው ሄደ።

በቃ፣ አለቀ። እንዳትፈታው የሚል ማነው? ጠንቋይ ነው! ሲስተም የጠፋ ቀን ገበያው ደርቶለት ነው አልኩ። ዞር እስኪል ጠብቄ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈትቼ ጣልኩት።

አጠገባችን ሻሽ ያሰረች ሴትዮ የሚያስል ባሏን ይዛ ተቀምጣለች። የሱ ክር ቢጫ ነው። ቀዩን ክር ቀስ ብላ ከመሬት አንስታ ጨበጠችው። ይቺማ የጠንቋዩ ሰው ናት! የእማዬ ላብ የነካው ክር ምን ያደርግላታል?

"እማማ፣ ክሩን ለምን ፈለጉት?" አልኳት።

"አንተስ ለምን ጣልከው?"

ዓይኔን ከእጇ ሳልነቅል ቁጭ አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ "ቀይ ክር ያላችሁ!" ብላ ተጣራች። የተወሰኑ ሰዎች ተነስተው ገቡ። ሴትዮዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ እኔ ግን ነርሷም አብራ ትጠነቁላለች ማለት ነው እያልኩ ነው እንግዲህ።

ያኔ የእማዬ ጭንቅላት ትከሻዬ ላይ ወደቀ። "እማዬ!" ብላት ዝም። ነቀነቅኳት፣ ዝም። አቅፌያት በሩ ላይ ደረስኩ።

"ክሯ የታለ?" አለኝ ጥበቃው።

"የምን ክር! እናቴ እየሞተችብኝ ነው!"

"ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ክር የሌለው በሰልፉ!"

"ቀይ ናት! ቀይ ናት!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ሴትዮዋ ናቸው። ባላቸውን ትተው እየሮጡ መጥተው ክሩን እዛው እማዬ እጅ ላይ አሰሩት። ጥበቃው በሩን ከፈተ።

ነርሷ የእማዬን ጣት ወግታ ደሟን አየችና ስኳሯ በጣም ወርዷል ብላ ተጣደፈች። በደም ስሯ ግሉኮስ ሰጧት። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀለድ ነገር አጣሁ። ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።

"በጉ ገባ?" አለችኝ።

"ገብቷል እማዬ" አልኳት። በግ የለንም።

ስወጣ ሴትዮዋ ሁሉንም ነገሩኝ። እማማ ዘሀራ ይባላሉ፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ፣ አሁን የሚኖሩት ልጃቸው ጋ እዛው ሆስፒታሉ ሰፈር ነው። ሽማግሌው ጋሽ ክፍሌ የእድራቸው ዳኛ ናቸው። ድሮ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የታመመውም የባሰበትም ተደባልቆ ሲጉላላ ጊዜ፣ ሆስፒታሉና እድሩ ተመካክረው ይሄን ነገር አወጡ። ነርሶቹ ጋሽ ክፍሌን የባሰበትን መለየት አስተማሯቸው። ቀይ ቶሎ የሚገባ፣ ቢጫ ትንሽ የሚታገስ፣ አረንጓዴ የሚጠብቅ። ሜዳ ላይ ያየሁት ልምምዱን ነው።

"እኔም ታማሚ ሆኜ ተጋድሜ ነበር" አሉኝ። "ጠንቋይ ቅርንጫፍ ከፈተ ብሎ የጮኸው አንተ አይደለህ እንዴ? ድምፅህ ነው ያስታወቀህ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ቀይ ክር ባላቸው እጅ ላይ ቢያስሩት ማን ያውቅባቸው ነበር? እሳቸው ግን ጨብጠው የእናቴን ተራ ጠበቁላት። ባላቸውም ኋላ ገብተው ታከሙ፣ አልሃምዱሊላህ ብለው ሄዱ።

አሁንም ቢሆን ሰው ቶሎ አላምንም፤ ሥራዬ ነው። ግን የሚቀጥለው ልምምድ ላይ ሄጄ እኔም ታማሚ ሆኜ ተጋደምኩ። ሳልኮራ ልናገር፣ እንደኔ አሳምሮ የታመመ አልነበረም። ጋሽ ክፍሌ ሳይጠይቁ ቀይ አሰሩልኝ።

እማዬ ክሩን እስከዛሬ አልፈታም ብላለች። አንገቷ ላይ ማተቧ፣ እጇ ላይ ቀይ ክሯ። "ያዳነችኝ ይቺ ናት" እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳያለች፤ ጎረቤቱም ዞር ብሎ ይስቃል። እኔ የማልስቅበት ነገር እንደሌለ መስመሩ ሁሉ ያውቃል። በሷ ክር ግን አልስቅም።