ያልተነሳው ወርቅ

መምህርት አምሳለ እንጅባራ ላይ ታሪክ ሲያስተምሩን የአክሱም ንግድ ላይ ሲደርሱ ያንቀላፋ ተማሪ ጠመኔ ይወረወርበታል። "ነገሥታቱ የእኛን የአገውን ምድር በጦር የያዙት ለምን መሰላችሁ? የወርቁ መንገድ በዚህ ስለሚያልፍ ነው! መንግሥቱ የከበረው በዚህ ነው!"

ከዚያ ረጋ ብለው ያስረዱናል። ነጋዴው ጨውና ብረቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ዞር ይላል። ባለወርቁ ይመጣና ወርቁን አጠገቡ አኑሮ ይሄዳል። ቃል አይነጋገሩም። ዋጋው ከተስማማው ነጋዴው ወርቁን ያነሳል፤ ካልተስማማው አይነካውም። ያኔ ባለወርቁ ወርቁን ይዞ ይመለሳል፣ ዕቃውም ለባለቤቱ ይቀራል።

አንድ ልጃቸው ደጀን ሥራ ቢያጣ ዐምና ወርቅ ሊቆፍር ቆላ ወረደ። ባለፈው ሳምንት ጉድጓዱ ተደረመሰበት። አብሮት የወረደው ይርሳው ብቻውን ተመለሰ፤ የደጀንን እናት ሲያይ ግን አፉ ተያዘ። በላስቲክ የተቋጠረችውን የልጃቸውን ወርቅ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጦ እያለቀሰ ሄደ።

ለቅሶ የደረስነው "እትዬ፣ ሌባ ሳይወስደው ያንሱት እንጂ" ብንላቸው ጮኹብን።

"ማንም እንዳይነካው! ዋጋው አልተስማማኝም። ወርቃቸውን ይውሰዱና ልጄን ይመልሱልኝ!"