በጾም ቀን የቀመስኩት ጨው

የሚስቴ እህት በረመዳን ቀን ጾም ፈትቷል ብላ ሁለቱን ሴት ልጆቼን ከቤቴ ወሰደችብኝ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው፤ ማብራሪያውንም የምጽፈው፣ ሌላው ሰው ሳያውቅ ሲያወራ ስለከረመ ነው።

ሚስቴ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ከሚሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። እናት ስትሄድ አባት ወይ ሌላ ያገባል፣ ወይ እናቱን ከገጠር ያስመጣል፣ ወይ ልጆቹን ለዘመድ በትኖ ጫቱን ታቅፎ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ማንም ነውር አይለውም። እኔ ድስት ጣድኩ፤ የተሳቀው በእኔ ነው።

"እመቤት፣ ዛሬ ምን ሠርተሻል?" ይለኝ ነበር ጎረቤቴ፣ በራፌ ባለፈ ቁጥር።

"ሚስትህን ጠይቃት፤ አሁን መጥታ ሽንኩርት ስትዋስ ድስቱን ከፍታ አይታዋለች።"

ይስቃል።

ጨው ማለት መጀመሪያ ለእኔም ዘግኖ መበተን ብቻ ነበር። ሚስቴን በስልክ "ምን ያህል ልጨምር?" ብዬ ስጠይቃት "እንደሚበቃው" አለችኝ። የሴቶቹ ሁሉ መልስ ይህ ነው። እጅህ ያውቀዋል ይላሉ። እጅ ምንም አያውቅም። እጅ የሚያውቀው ትናንት የዘገነውን ነው፤ ትናንት የዘገነው ደግሞ ከአፋር ወርዶ ሰንበቴ ገበያ የተሸጠ ሸካራ ጨው ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ የያዘው የሱቁ ደቃቅ። ደቃቁ መዳፍ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ እፍኙ ያው እፍኝ ነው፣ ጨዉ ግን ያው አይደለም። ይህን ለማወቅ ስንት ወጥ አበላሽቼ ለጎረቤት ውሻ ደፋሁ። ውሻውም ሁሉንም አልበላውም።

ቀስ በቀስ ገባኝ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ይህን የሚረሳ ሰው ወጡ ላይ እንደ አዲስ ይጨምርበታል። ሥጋ ቀድሞ ጨው ካላገኘ መረቁ ጣፍጦ ውስጡ አልጫ ሆኖ ይቀራል። የገንፎ ጨው ውሃው ላይ ነው፤ ዱቄት ከገባ በኋላ የጨመርከው ጨው በአንዱ ጉርሻ ያቃጥልሃል፣ በሌላው የለም። የሚንተከተክ ድስት ውሃው ይሄዳል እንጂ ጨዉ አይሄድም፤ ቀትር ላይ ልክ የነበረው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ለመግሪብ፣ ልክ አይሆንም። ጨው የበዛበት ወጥ ውስጥ ድንች ክተት የሚሉህም አሉ። ከተትኩ። ድንቹም ጨው ጨው አለ፣ ወጡም እንደነበረ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ታላቋ ልጄ መጽሐፏን ከፍታ አስቆጠረችኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሴ ያነበብኩት ነገር የጨው ፌስታል ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። አዮዲን አለው፣ ከድናችሁ ከሙቀት አርቃችሁ አስቀምጡት ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ፌስታሉን አፉን ቀዶ ምድጃ ጥግ ነው የሚያስቀምጠው፤ ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም። ሳላነብ የሚያነቡ ሰዎችን እፈራ ነበር። ካነበብኩ ወዲህ ተውኩት፤ አብዛኛው ሰው ፊደል ያውቃል እንጂ አያነብም።

ረመዳን ሲገባ ነገሩ ይለያል። የሚያበስለው ሰው ጾመኛ ነው። ልጅ ሳለሁ የመስጊድ ትምህርት፣ ደርስ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት፣ የሚያበስል ሰው በምላሱ ጫፍ አይቶ ቢተፋው፣ ምንም ወደ ውስጥ ካልወረደ፣ ጾሙ እንደማይበላሽ ነው። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ አይቼ እተፋለሁ፣ አፌን እጉመጠመጣለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ግን ጨርሶ አይቀምሱም። አለመቅመስ ብቻም አይደለም፣ ይኮሩበታል። "ወላሂ ምላሴ ላይ አላሳረፍኩም" እያሉ ሾርባ ያቀርባሉ፤ አንዱ ቀን ውሃ፣ ሌላው ቀን ባሕር። የሚነግራቸውም የለም። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ከተምር በኋላ ምን ብትሰጠው "ማሻአላህ" ይላል። በዚህ ማሻአላህ ተማምነው ዓመት ከዓመት ያበላሻሉ።

የዚያን ቀን ታናሿ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን እየጾመች ነበር። ከንፈሯ ደርቆ፣ ግን "አልራበኝም" እያለች ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሥጋ ያለበት ሾርባ ጥጄላት ነበር፤ በልክ እንዲሆንላት ፈለግሁ። ጭልፋውን ወደ ምላሴ ባስጠጋሁበት ቅጽበት የሚስቴ ታላቅ እህት ከጨፋ ሮቢት ወተት ይዛ በክፍቱ በር ገባች።

"አንተ ሰው፣ ምን እያደረግክ ነው?"

ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ አፌ ውስጥ ያለውን አመዱ ላይ ተፋሁና "ሶጊዳ እያየሁ ነው፣ እትዬ" አልኳት። ጨው ማለቴ ነው፤ እኛ ስንነጋገር ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል ይገባል።

"በረመዳን ሶጊዳ የሚታየው በዓይን ነው።"

"በዓይን የሚታይ ሶጊዳ ያለው እርስዎ ቤት ነው።"

ይህን መናገር አልነበረብህም ያሉኝ አሉ። አሁንም እናገረዋለሁ።

ወተቱን መሬት አስቀምጣ፣ ለማፍጠሪያ እንኳ ሳትቆይ ሄደች። ከዚያ ወሬው እግር አወጣ። ሁለት ቤት ሲያልፍ ጭልፋው ሰሃን ሆነ። ገበያ ሲደርስ በጠራራ ፀሐይ ጥብስ እየበላሁ ተገኘሁ። ጨፋ ሮቢት ሲደርስ ልጆቼንም በግድ አብልቻለሁ። እኔን "እመቤት" ይል የነበረው ጎረቤቴ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ሰላም አላለኝም፤ እሱ ቀን ቀን ቤቱን ዘግቶ ሲጋራ እንደሚያጨስ በመስኮቱ የሚወጣውን ጭስ የሚያይ ሁሉ ያውቃል።

ሚስቴ ደወለች።

"እህቴ ወላሂ ብላ ነው የነገረችኝ።"

"ምን አየሁ አለች?"

"ጭልፋ ከአፍህ ላይ።"

"መትፋቴንስ?"

"ልጆቹ እሷ ጋ ይሁኑ" አለች።

"እስከ መቼ?"

"እኔ እስክመጣ።"

መቼ እንደምትመጣ እሷም አታውቅም፤ አሠሪዎቿም አይነግሯትም። ሩቅ ያለ ሰው የሚያምነው ቀድሞ የደወለለትን ነው። እኔ ሾርባ ሳማስል፣ እህቷ ስልክ ይዛ ነበር።

ልጆቹን ልትወስድ ስትመጣ ታላቋ "አክስቴ፣ አባ እኮ ተፍቶታል፣ እኔ አይቻለሁ" አለቻት።

"ልጅ ለአባቷ ካልመሰከረች ለማን ትመስክር" አለችና ልብሳቸውን በፌስታል ጠቀጠቀች። ታናሿ እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ብይዛቸው፣ ጾም ፈቺው ደግሞ ሴት መታ ሊባል ነው፤ ለእሱም ምስክር አይጠፋም ነበር።

የቀረውን ረመዳን ብቻዬን አፈጠርኩ። ለአንድ ሰው ማብሰል ለጨው ትልቁ ፈተና ነው፤ ድስቱ ባዶ ሲሆን ጣትህ የያዘችው ሁሉ ይበዛል። ጨው ባይኖረውም ግድ አልነበረኝም። ዒድ ወጣ። ልጆቹን ይመልሱልኝ ብዬ ላክሁባት። "እናታቸው ስትመጣ" የሚል መልስ መጣ።

ያን ጊዜ የሰፈራችንን ሸህና የሚስቴን አጎት ሽማግሌ አድርጌ ያዝኩ። ሸሁ መጀመሪያ ሸሽተው ነበር። "የቤተሰብ ነገር እኮ እሳት ነው" አሉኝ። እሳት መሆኑንማ እኔ ነኝ የማውቀው፣ የምጥደው እኔ ነኝ። በስንት ልመና እሺ አሉ፤ አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሚኒባስ ተሳፍረን ጨፋ ሮቢት ወረድን።

የሚስቴ እህት ለሽማግሌ ክብር ፍየል አሳርዳ ወጥ ሠርታለች። መሶቡ ቀረበ። አጎትየው የመጀመሪያዋን ጎርሰው ማኘካቸውን አቆሙ። ሸሁም ጎረሱ፤ ውሃ ፈለጉ። እኔ አንድ ጊዜ አየሁት፣ በቃኝ። እንዲህ ያለ ወጥ ከብት ይልሰዋል እንጂ ሰው አይበላውም።

"ይቺ ፍየል" አሉ አጎትየው ቀስ ብለው፣ "ከአፋር ጨው ተጭና ነው እንዴ የመጣችው?"

"ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ?" አለች እሷ፣ ከጓዳው በር ቆማ።

ሸሁ ውሃቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ "ልጄ፣ ይህን ወጥ ቀምሰሽዋል?" አሏት።

"ሸህዬ፣ የረመዳን ቀዳ አለብኝ፤ ያጎደልኩትን እየጾምኩ ነው።"

"ጨዉን የጨመረው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ።"

ከጓዳ የልጇ ሚስት ድምፅ መጣ፤ "እኔም ጨምሬበታለሁ። የረሱት መስሎኝ።"

"አንቺስ አልቀመስሽም?"

"እኔም ቀዳ ላይ ነኝ።"

አጎትየው መሳቅ ጀመሩና ሸሁን አይተው በሳል ሸፈኑት። ሸሁ እጃቸውን ታጠቡ። "ድስት የያዘ ሰው በምላሱ ጫፍ አይቶ ከተፋው፣ ምንም ካልዋጠ፣ ጾሙ ጾም ነው" አሉ። "ለእንግዳ ይህን ከማቅረብ እንደዚያ ማድረግ ይሻልሽ ነበር።"

"እሱ ግን ሲተፋ አላየሁም።"

"ሲውጥስ አይተሻል?"

ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወደ እኔ አላየችም። "ሲውጥ አላየሁም" አለች።

"እንግዲያው ለእህትሽ ደውዪላት። እዚሁ፣ እኛ እየሰማን።"

ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ያየችውን ነገረቻት፤ ያላየችውንም። ከሚስቴ ኋላ የሰው ቤት ዕቃ ሲታጠብ ይሰማል። "ታዲያ ልጆቹን ስጪው" አለች። እኔን በስልኩ አልጠራችኝም።

ሰው ሸሁን አመሰገነ። በአንዲት ቃል ነገሩን ቋጩት አሉ። እኔ ግን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጠየቅኳቸው።

"ሸህዬ፣ መስጊዱ ከቤቴ ቅርብ ነው። ወሬው አልደረሰዎትም ነበር?"

"ደርሶኛል።"

"ታዲያ?"

"የጠየቀኝ ሰው የለም።"

እውነት ነው፤ ረመዳኑን ሙሉ አንድ ሰው አልጠየቃቸውም። ሰው ሁሉ መልሱ ወሬውን እንዳያበላሽበት ፈርቶ ነበር። እሳቸውም ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ይህንንም ዕውቀት ይሉታል። ታናሿ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር፤ ታላቋ የልብሱን ፌስታል ታቅፋ በመስኮት የጨፋን ሜዳ ታያለች።

ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አልሰማሁም። ከሚስቴ እህት አልመጣም፣ ከጎረቤቴም አልመጣም፤ እሱማ በሳምንቱ "እመቤት፣ ልጆችሽ መጡልሽ?" ብሎኛል። አልጠበቅሁም፣ አሁንም አልጠብቅም። እኔ የፈለግሁት ልጆቼ ቤታቸው እንዲያድሩ ነው። ከሚሴ መናኸሪያ ወርደን፣ በእግራችን ሄደን፣ በሩን ከፍቼ ያስገባኋቸው ጁምዓ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ነው።