የኔታ ያልተማሩት አንድም

በሐይቅ ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ፣ ከቅጽሩ ውጭ ባለው ወይራ ጥላ ሥር፣ የኔታ ሀብተ ጊዮርጊስ ወንጌል ይተረጉማሉ። ትውልዳቸው አምባሰል ነው። አኩፋዳቸውን አንግተው በክርስቲያኑም በእስላሙም ደጅ ቁራሽ እየለመኑ፣ ውሻ እያባረራቸው የተማሩ ሰው ናቸው። ይህን ሲያወሩ ታዲያ ውሻውንም ጭምር ያመሰግኑታል፤ "ሩጫ ያስተማረኝ እሱ ነው" ይላሉ። ትርጓሜውን ያስተማሯቸው መምህር መልአኩ የሚባሉ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። ተማሪ አንዲት ቃል ከራሱ የጨመረ እንደሆነ "ከማን ሰማኸው?" ብለው ከጉባኤው ያስነሡት ነበር።

ትርጓሜ አንዱን ቃል አንድ ጊዜ ፈትቶ አይተወውም። "አንድም" ይልና ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ "አንድም" ይላል። ለሰሚው ልቅ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ አንድም ከመምህር የተቀበሉት ነው እንጂ እንዳሻ ከኪስ የሚወጣ አይደለም። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት አንድም ከራሳቸው አልጨመሩም፤ የሚኮሩትም በዚህ ነው።

ይህን ኩራት ያናወጠችው የገዛ ልጃቸው ናት። መስታወት እናቷ ገና በልጅነቷ ሞታባት በአባቷና በተማሪዎቹ መካከል ያደገች፣ አሁን ውጫሌ ፊዚክስ የምታስተምር፣ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት በአንድ የወጣቶች ጉባኤ ላይ እጇን አወጣችና ጠየቀች፤ በሌሎች ፕላኔቶች ላይ እንደ እኛ ያለ ፍጡር ቢገኝ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይጋጫል ወይ? ክርስቶስ ለእነሱስ ሞቷል ወይ? ሰባኪው ማይክሮፎኑን ጨብጦ "ይህ የሰይጣን ጥያቄ ነው" አለና ሕዝቡን እልል አሰኘባት። ከዚያ ወዲህ እግሯ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠም። አባቷ ቤት መጥታ ነጠላዋን ግድግዳው ላይ ሰቀለችና እንዲህ አለች፤

"አባባ፣ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። እርስዎ ይንገሩኝ። ዝም ካሉኝ ግን ቤተ ክርስቲያኗም ዝም አለችኝ ማለት ነው፤ አልመለስም።"

የኔታ ዝም አሉ። ምን ይበሉ? ልጅቱ ሄደች፤ ነጠላዋ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ የበሉት እህል አልጣማቸውም። ሰባቱን ሰማያት በቃላቸው ቃኙ። ሁሉም ስም አላቸው። ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር የመላእክት ከተሞች ናቸው፤ ከእነሱ በላይ ያሉትም ባለቤት አላቸው። ለእንግዳ የተረፈ ጓዳ አጡ። "የለም ልበላት" ብለው ሲነሡ ደግሞ የዕብራውያን መልእክት "ዓለማትን ፈጠረ" ማለቱ ትዝ ይላቸዋል። እሺ ይኑሩ። አዳም የእነሱም አባት ነው? ካልሆነ ዕፀ በለስን ማን በላላቸው? ካልበሉ ምን አጥፍተው ይሞትላቸዋል? ከበሉስ፣ አንድ ጊዜ የሞተው ዳግመኛ አይሞት! ዘጠና ዘጠኙ በጎች መላእክት፣ የጠፋው አንዱ አዳም ነው ብለው ነበር የተማሩት። ምናልባት እነዚያ ፍጡራን ከዘጠና ዘጠኙ መካከል ይሆኑ ይሆን ብለው አሰቡና በራሳቸው ደነገጡ። "ከማን ሰማኸው?" የሚለው የመምህር መልአኩ ድምፅ ከመቃብር የወጣ መሰላቸው።

ጨርሶ ግራ ቢገባቸው ጎረቤታቸውን ጠሃን ጠየቁ። ጠሃ ከሐይቁ ዓሣ እያወጣ የሚኖር፣ በጾም ወራት በየኔታ ደጅ ሲያልፍ ዓሣውን በቅጠል የሚሸፍን ጨዋ ሰው ነው።

"በእናንተስ ምን ይላል፣ ጠሃ?"

"በየሰላቱ 'የዓለማት ጌታ' እንላለን፣ የኔታ። ስንት ዓለም ነው፣ ማን ይኖርበታል ብዬ ሼኪውን ጠይቄያቸው ነበር። ብዙ ብዙ ነገሩኝና መጨረሻ ላይ 'አላሁ አዕለም' አሉ። አላህ ያውቃል ነው።"

"እንዲያ ብለው ምን ሆኑ?"

"ምን ይሆናሉ? ሻያቸውን ጠጡ። አብሽሩ፣ የኔታ።"

የኔታ በሼኪው ቀኑ። እሳቸው ከመምህርነት ወንበራቸው ላይ አላውቅም ብለው አያውቁም።

በዚህ መካከል ጉባኤው የዮሐንስን ወንጌል ይዞ ነበር። ምዕራፍ አሥር ላይ ደግሞ "ከዚህ በረት ያልሆኑ ሌሎች በጎች አሉኝ" የሚለው ቃል ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እዚያ ላለመድረስ ምዕራፍ ዘጠኝን፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ዓይኑ የበራበትን፣ ደጋግመው ያስኬዱት ጀመር። ደሳለኝ የሚባለው ቀልደኛ ተማሪ "የኔታ፣ ጌታ አንድ ጊዜ ያበራውን ሰው እኛ ስንት ጊዜ እናብራው?" አላቸው። ሳቁ፤ ማምለጫ ግን አልቀራቸውም።

አንድ ቅዳሜ ደሳለኝ ምዕራፍ አሥርን ሲያነብ የኔታ ቀና ቢሉ መስታወት ከቅጽሩ አጠገብ ቆማለች። የቀሩ መጻሕፍቷን ልትወስድ ባዶ ማዳበሪያ ይዛ መጥታለች። ይህ ቤት በቃት ማለት ነው።

ደሳለኝ ከቃሉ ደረሰ።

"አሕዛብን ሲል ነው" አሉ የኔታ፣ እንደተማሩት። እዚያ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። ግን ማዳበሪያውን አዩና ከአፋቸው አመለጠ፤ "አንድም..."

አንድም ተብሎ ዝም አይባልም። ተማሪዎቹ ጆሯቸውን ቀሰሩ። የኔታ ወደ ላይ ቢያዩ ወይራ ነው፤ ወደ ታች ቢያዩ መጽሐፍ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንድም፣ አላውቅም። ከዚህ ምድር ውጭ ሌላ በግ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። መምህሬም አልነገሩኝ።"

ብለው ጉባኤውን በትነው ጎጇቸው ገቡ። መስታወት ተከትላቸው አልገባችም።

ትንሽ ቆይቶ ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ጥላው ሥር ተሰብስበው የሰሙትን በቃላቸው መከለስ ያዙ። ከመምህር አፍ የወጣ አንዲት ቃል አይጣልም። "ሌሎች በጎች ያለው አሕዛብን ነው፤ አንድም፣ እህ እህ፣ አላውቅም! ከዚህ ምድር ውጭ ሌላ በግ ይኑረው አይኑረው አላውቅም! መምህሬም አልነገሩኝ!" ጉሮሮ መጥረጉ ሳይቀር ያንበለብሉታል።

የኔታ በድንጋጤ ወጡ። "ተዉ፣ እናንተ ልጆች! ይህ ትርጓሜ አይደለም፤ የኔ አለማወቅ ነው!"

"ከማን ሰማችሁት ቢሉን ከእርስዎ ነው፣ የኔታ" አለ ደሳለኝ።

ነገ እነዚህ ልጆች በየደብሩ ይበተናሉ፤ አላውቅምንም ከነጉሮሮ መጥረጉ ያስተምራሉ። መጽሐፉን አበላሸሁት ይሆን? የኔታ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።

መስታወት ባዶ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች።

"ዝም ካሉኝ አልመለስም አልኩ እንጂ ካላወቁ አላልኩም፣ አባባ" አለች። "ነጠላዬን አይጥ አልበላትም? ለነገ ቅዳሴ ነበር።"

የኔታ ሊያመጡላት ገቡ። በውጭ ተማሪዎቹ አላውቅምን እንደገና ጀመሩት፤ እሳቸውም ጽድቅ ይሥሩ ኃጢአት ሳይለዩ ነጠላዋን ከግድግዳው ላይ አወረዱ።