ሁሉም አንድ ቻናል ላይ

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራህ ምንድን ነው ለሚለው ሰው «ተኳሽ ነኝ» ይላል። ሰውየው ደንገጥ ብሎ እጁን እጁን ሲያየው ትንሽ ያቆየውና «ሸሚዝ» ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ላውንድሪ ቤት በእንፋሎት መሀል ቆሞ የሰው ኮሌታ ያቀናል።

ያ እጅ ዱሮ በአንድ ሆቴል ሳሎን ፒያኖ ይጫወት ነበር። ቤዝ የሚመታ ረጅም ሰውዬ፣ ሳክስፎን የሚነፋ ዝምተኛ፣ አኮርዲዮን የምታቅፍ ሴት አብረውት ነበሩ። ከፊታቸው ቆማ የምትዘፍነው ደግሞ እትዬ ነበረች፤ ዛሬ ሚስቱ ናት። ሆቴሉ ባንዱን አሰናብቶ ድምፅ ማጉያ ሲሰቅል ሁሉም በየፊናው ተበተነ። እትዬ መናኸሪያ ተቀጠረች፤ የሚነሱትን አውቶቡሶች በማይክሮፎን ትጠራለች። እሷ የጠራችው ከተማ ሁሉ ያምራል። ትኬት ሳልቆርጥ ሄጄ ልሳፈር ያልኩበት ቀን አለ።

ዘንድሮ ድምፅዋ መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ የመናኸሪያው አቧራ ነው ተባለ። በኋላ ሐኪም አየውና የድምፅ አውታሯ ላይ እብጠት አገኘ። ሰኞ ኦፕራሲዮን ትሆናለች። መናገሩስ ይመለስልሻል አላት። ስለ መዝፈን ስትጠይቀው ግን እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው፣ እስከዚያው ድምፅሽን አሳርፊ ብሎ ሸኛት።

ጋሼ የሠራላት አንድ ዘፈን አለ። ሆቴሉ ውስጥ ስንት ጊዜ ዘፍናዋለች፤ አንድም ቀን ግን አልተቀዳም። ነገ ዛሬ ሲሉ ባንዱ ፈረሰ። እትዬ እሑድ ከሰዓት እዘፍነዋለሁ አለች፣ አንዴ ብቻ። ለዚያች አንዴ ስትል አፏን ዘግታ በእጇና በቅንድቧ ታወራን ጀመር።

እንግዲህ ባንዱ መመለስ ነበረበት። የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ በጋሼ ላፕቶፕ ላይ የሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራም ጫነለት፤ በውስጡም አንድ መሣሪያ። የሚጨበጥ መሣሪያ አይደለም፣ ስክሪኑ ላይ የሚከፈት መስኮት ነው፤ መስኮቱ ግን አሥራ ስድስት መቀመጫ አለው። በየመቀመጫው የፈለጉትን ድምፅ ያስቀምጡበታል፤ አንዱ ላይ ቤዝ፣ አንዱ ላይ ሳክስፎን። መጀመሪያ ሲከፈት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰዎቹ ገና ያልገቡበት አንድ ሙሉ ሳሎን፣ ክዳኗ በፕላስተር በተያዘች ላፕቶፕ ውስጥ።

እሑድ ጠዋት ሦስታችን መኝታ ቤታቸው ተሰብስበን ጋሼ አራቱን ድምፆች ቦታ ቦታቸውን አስያዘ። ከየመቀመጫው ጎን ቻናል የሚል ጽሑፍና ቁጥር አለ። ጥቂት አሰበና አራቱንም ቻናል አንድ ላይ አደረጋቸው። ለምን ብዬ ስጠይቀው ተገረመብኝ።

«አንድ ባንድ አይደሉም እንዴ? አንዱ እዚህ ቻናል፣ አንዱ እዚያ ቻናል ከሆነ እንዴት ይስማማሉ? እኛስ የምንጣላው በአንድ ቴሌቪዥን ሁለት ቻናል ስንፈልግ አይደል?»

እትዬ በራሷ ንቅናቄ አዎ አለች። እውነት ለመናገር እኔም ልክ መሰለኝ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚቀዳበትን የራሱን መስመር፣ ትራክ የሚሉትን፣ ከፈተለትና ከላፕቶፑ ጋር በተያያዘችው ፒያኖ መሳይ ትንሽ ኪቦርድ የቤዙን የመጀመሪያ ኖታ መታ። አራቱም ጮኹ። ቤዙም ሳክስፎኑም አኮርዲዮኑም ፒያኖውም ያንኑ ኖታ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥሯቸው ሕፃናት በአንድ አፍ። ወደ ሳክስፎኑ ትራክ ሄደ፤ አሁንም አራቱም። ዘጋው፣ ከፈተው፣ ኬብሉን ነቅሎ ሰካው። ያው ነው። «ረጅሙ ዱሮም በሰው ቦታ መግባት ይወድ ነበር» አለ፤ እየሳቀ ግን አልነበረም።

ጠጋኙ ጋ ደወለ። ሰውየው ከወዲያ ማዶ እያላመጠ አዳመጠውና ቻናላቸውን ለያይላቸው አለ። ጋሼ ከለያየኋቸውማ አብረው አይጫወቱም ብሎ ተከራከረ።

«ጋሼ፣ ቻናል ማለት የቤት ቁጥር በለው። አራት ሰው አንድ የቤት ቁጥር ካላቸው፣ ለአንዱ የመጣውን አራቱም ይቀበላሉ።»

ይህን ብሎ እንግዳ አለብኝ፣ ቆይቼ እደውላለሁ አለና ዘጋው። ጋሼ መቀመጫዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አላቸው። ቤዙን ሲመታ ቤዙ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ መጣ። ተያየን። ወደ ሳክስፎኑ ትራክ ሄዶ ሲመታ ግን የመጣው ቤዝ ነው። አኮርዲዮኑ ትራክ ላይም ቤዝ። ፒያኖው ላይም ቤዝ። ሦስቱ ሰዎች የት እንደገቡ ጠፋ። ትንሽ ቢታገልም ተስፋ ቆረጠና ሁሉንም ወደ ቻናል አንድ መለሳቸው። እየተንጫጩም ቢሆን ቢያንስ አሉ አለ።

በጫጫታው መሀል የዘፈኑን የየተጫዋቹን ድርሻ ለመለማመድ ሞከረ። ከአራት አቅጣጫ በሚጮህ ድምፅ ውስጥ የቱ የማን እንደነበረ ተምታታበት። የአኮርዲዮኑን ለሳክስፎኑ ሰጠ፤ የቤዙን መግቢያ ረሳው። እጁ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ኮሌታ ያቃጠለ ቀን እንኳ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

እትዬ ከአልጋው ጫፍ ተነሳች። «እንደሱ አይደለም» አለች።

ስንት ቀን ታፍኖ የቆየ ድምፅ ነው፤ ሁለታችንም ወደ እሷ ዞርን። ረጅሙ እዚህ ጋ ይጠብቀኛል ብላ የቤዙን በአፏ አሰማችው። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላ ሳክስፎኑን፣ ከክፍሉ መስኮት ጎን ሄዳ አኮርዲዮኑን፤ ሰዎቹ ዱሮ ሆቴሉ ሳሎን ውስጥ እንደሚቆሙት እየቆመች። የሚገቡበትን ለማሳየት ደግሞ የራሷን ማምጣት ነበረባትና አመጣችው፣ ከነቃሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሻካራ ነበር። ሻካራነቱ ውስጥ ግን ያ መናኸሪያ፣ ያ ሳሎን፣ ሰው ከሰው የተለያየበት ሁሉ ነበረበት፤ ግድግዳውን ተደግፌ እንዲህም ይዘፈናል ወይ አልኩ። ጋሼ እያንዳንዱን ኖታ በጣቱ ጭኑ ላይ እየመታ ያዘው።

መቅጃው አልበራም ነበር። ባንዱ ሳይሰናዳ ማን ያበራዋል?

ወዲያው ጠጋኙ ደወለ። ትራኮቹ ላይም ቻናል አለ፣ እሱን ነግሬሃለሁ እንዴ አለው። መቀመጫዎቹን ብንለያይም አራቱም ትራኮች የሚልኩት ወደ ቻናል አንድ ኖሯል። ጋሼ እነሱንም መቀመጫዎቹንም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አደረጋቸው። በዚህ አለቀ። ቤዙ ቤዝ ሆነ፣ ሳክስፎኑ ሳክስፎን ሆነ። እትዬ እንዳሳየችው አራቱን አንድ በአንድ ቀዳቸው፤ ሲመልሰው ባንዱ መጣ፣ የሄደው ባንድ፣ እኔ አይቼው የማላውቀው።

ከሰዓት እትዬ ከላፕቶፑ ጋር በተያያዘ ማይክሮፎን ፊት ተቀመጠች። ጋሼ መቅጃውን አበራ። መግቢያው አለፈ፣ ረጅሙ ጠበቃት፣ አፏን ከፈተች። የወጣው አየር ነው። አቆመው። ለብ ያለ ውሃ አመጣሁላት፤ ጠጣች። እንደገና ጠበቃት፤ እንደገና አየር። በሦስተኛው ጉሮሮዋን ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ጋሼ ግድ የለም፣ ግድ የለም አለ፤ ከሁላችን ግድ ያለው ግን እሱ ነው።

ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ አምስተኛው መቀመጫ ላይ ፍሉት አስቀመጠ። ቻናል አምስት፣ ትራኩም ቻናል አምስት፤ አሁን አይሳሳትም። የእሷን ዜማ በፍሉት ተጫወተው። አንድም ኖታ አልዘነፈም። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰማችና በሹክሹክታ፣ «ጥሩ ይጫወታል፤ ቃሉን ግን አይልም» አለች። ከዚያ ተነስታ የሆስፒታል ቦርሳዋን አልጋው ላይ ዘረጋችና ፎጣዋን ማጠፍ ጀመረች።

ጋሼ ፕሮግራሙን ሊዘጋ ሲል ስክሪኑ መሀል ትንሽ ጥያቄ ወጣ፤ የሠራኸውን ላስቀምጠው ወይስ ይጥፋ ይላል። አነበብኩለት። ጣቱ ማውሱ ላይ እንዳለ ወደ እትዬ ጀርባ አየ፣ ወደ ስክሪኑ አየ።

«እስቲ አንቺ ጠይቂያት» አለኝ።