የእናቴ ጥብቅ ሹሩባ

ፀጉሬ መሳሳት የጀመረው ከግንባሬ ዳርና ከጆሮዬ በላይ ነው። መጀመሪያ ንቄ ተውኩት። ኋላ ግን ቢሮ ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው ሁሉ ግንባሬ ላይ ሲያፈጥ ነገሩ ከነከነኝና ቀኑን ሙሉ ሻሽ አስሬ መዋል ጀመርኩ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ሻሽ ማሰር ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

መካሪ አልጠፋም። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ቀቢበት አለችኝ፤ ቀባሁት፣ ራሴን አቃጠለኝ፣ የቢሮው ሰው አፍንጫውን ይዞ ከረመ። ሌላዋ የሽፈራው ቅጠል ወቅጬ እንድለጥፍበት መከረችኝ። እሱንም አደረግኩ። ሽፈራው ከበቆሎ ድብልብል፣ ከቁርቁፋ ጋር ሲበላ ነው የሚያምርበት።

ተናድጄ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት። በማጉያ አየችኝ፣ ጥቂት ፀጉር በጣቶቿ ይዛ በቀስታ ሳብ አደረገች፣ ደሜን አስመረመረች። ደሜ ደህና ሆነ።

«ሹሩባ የሚሠራሽ ማን ነው?» አለችኝ።

«እናቴ።»

«ታጠብቃለች?»

ሳቄ መጣ። እናቴ በመንደራችን በጫኖ የመዘምራኑን ልጃገረዶች ሁሉ ጎንጉና ለእሑድ የምታደርስ ሴት ናት። የእሷ ሹሩባ ቅንድብ ሽቅብ ይጎትታል፤ የላላ ሹሩባ ለእሷ ስንፍና ነው።

ሐኪሟ አልሳቀችም። የፀጉሬ ሥር በመጎተት ብዛት ደክሟል፤ ካረፈ መልሶ ያበቅላል፣ ካላረፈ ግን እንደወጣ ይቀራል አለችኝ። የሚቀባ መድኃኒትም አዘዘችልኝ። መድኃኒቱ አላሳሰበኝም። ያስጨነቀኝ እናቴ ናት። ሥራ ይዤ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ከእሷ ጋር የልብ የልባችንን የምናወራው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጉልበቷ መሃል ተቀምጬ ስትሠራኝ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ተያይተን ማውራት ሁለታችንም አናውቅበትም። ያ ከቀረብኝ ምን ይቀረኛል?

ነገርኳት።

«ታዲያ እኔ ነኝ ፀጉርሽን የጨረስኩት?» አለች።

«ተይ እማዬ፣ ይበቅላል ተብያለሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ማበጠሪያዋን ደብቃዋለች። በርጩማውን ራሴ አምጥቼ ከፊቷ ቁጭ አልኩ።

«ሐኪሟ ከልክላሽ የለም እንዴ?»

«የከለከለችኝ ጥብቁን ነው።»

በእያንዳንዱ ጉንጉን «አመመሽ?» እያለች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የላላ ሹሩባ ሠራች። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን በር ሳልደርስ ግማሹ ተፈታ። መዘምራኑ በሳቅ ፈረሱ። እናቴም ከመቀመጫዋ ሆና አይታኝ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የላላ ሹሩባ ሳምንት አይዘልቅም። ስለዚህ አሁን ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ እናቴን ከተማ ያለው ቤቴ በር ላይ ማበጠሪያዋን ይዛ አገኛታለሁ። ቅዳሜም አልቀረም። ፀጉሬ በቅሏል፤ ሻሹንም ጥያለሁ። በቀደም ሐኪሟ አይታኝ ደስ አላትና፣ «ከእንግዲህ ሳትሠሪ እንዲሁ ብትለቂውም ያምርብሻል» አለችኝ።

ይህንን ለእናቴ አልነገርኳትም።