ኤርሚያስን በሠራናት መኪና ስሸኘው

ሮዘተንቪል፣ ጎህ ሲቀድ

የጋራዡን በር ሳነሣ ገና ጨለማው አልለቀቀም። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኗል።

የመኪናዋን ልብስ ገፈፍኩ። ለማያውቃት ላስተዋውቃት፤ ከፋብሪካ አልቃ የወጣች መኪና አይደለችም። አካሏ ለየብቻ ተገዝቶ በእጅ የሚገጣጠም፣ እዚህ «ኪት ካር» የሚሉት ዓይነት ነች። ቦዲዋ ፋይበር ነው፤ ጣራም በርም የላትም። ወለሉ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግን የአሮጌ ቮልስ ነው። እኔና ጓደኛዬ ኤርሚያስ ሁለታችንም እዚህ «ስፓዛ» የሚሉት የሰፈር ሱቅ ሰዎች ነን። ሳምንቱን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመን ዳቦና የሞባይል ካርድ ስንሸጥ እንከርምና እሑድ ከቸርች ስንወጣ እዚህ ጋራዥ እንገናኝ ነበር። የፊቱን ፍሬን በዲስክ ቀየርን። ካርቡራተሯን ሁለት አደረግንላት። ከተጋጨ መኪና ወንበር ነቅለን ገጠምን። አለቀች ባልን ቁጥር ሌላ የሚሻሻል ነገር እናገኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንድታልቅም አንፈልግም ነበር።

አንድ ቀን ኤርሚያስ ሱቁ ውስጥ ዕቃ ሊያወርድ እጁን እንደዘረጋ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዙትም፤ ምላሱም ከበደ። ዛሬ ወደ አገር ቤት፣ ወደ ሆሳዕና ይመለሳል፤ ወደ ሚስቱና በእናቷ ሆድ ትቷት ወደ መጣት ልጁ። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኤርፖርት በራሳችን መኪና እንዳደርሰው።

ሞተሪኖው እያጉረመረመ ቆየና ተነሣች።

ፎርድስበርግ፣ ጠዋት

ነጋዴዎቹ ገና ሸራ እየወጠሩ ነው። ጥግ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት እጇን በዘይቱ እንፋሎት ታሞቃለች። የኤርሚያስ ታናሽ ወንድም ስምዖን ሻንጣዎቹን ባኪው፣ ማለትም ፒክአፕ መኪናው፣ ላይ ጭኖ በገመድ እያሰረ አገኘሁት። መኪናዋን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ወንድሜ፣ እውነት በዚህ ብርድ? በሽተኛ ሰው ጣራ በሌላት መኪና?»

«እኔን ለምን ትለኛለህ? እሱን ጠይቀው።»

ኤርሚያስ ከመኖሪያ ፎቃቸው ደረጃ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱ ሰፍቶታል፤ የራሱ ካፖርት ነው።

«ሻንጣው... ካንተ ጋ ይሂድ» አለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየገፋ። «እኔ በመኪናዬ... እሄዳለሁ።»

ስምዖን በብብቱ ሥር ያዘው። ለሁለት ተሸክመን አስገባነው። ቀበቶውን አሰርኩለት፣ ብርድ ልብስ ደረብኩለት። እዚህ አገር መሪው በቀኝ ነው፤ ተሳፋሪ በግራ ይቀመጣል፣ ማርሹ መሐል ላይ። ፍሪሲዮን ረግጬ እጄን ወደ ማርሹ ስሰድ የኤርሚያስ ቀኝ እጅ ቀድሞኝ እዚያ ነበር።

«አንተ ርገጥ» አለኝ።

እኔ ረገጥኩ፤ እሱ አንደኛን አስገባ። እንዲህ እየተባበርን፣ በእኔ እግርና በእሱ እጅ፣ ከፎርድስበርግ ወጣን።

ቮስሎሩስ፣ ረፋድ

ስምዖን ሻንጣውን ይዞ ሰልፍ ሊይዝ ቀጥታ ወደ ኤርፖርት ሄዷል። እኛ ወደ ደቡብ ታጠፍን፤ ኤርሚያስ ከታመመ ወዲህ ለሌላ ሰው የተላለፈውን ሱቁን ማየት ፈልጓል። በመንገዱ ዳር ከድሮ የወርቅ ጉድጓድ የወጣው ቢጫ አፈር እንደ ተራራ ተከምሯል። ሣሩ ተቃጥሏል። ቮስሎሩስ ስንገባ የከሰል ጭስ ከጣራዎቹ ላይ አልተነሣም።

ሱቁ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በፍርግርጉ ውስጥ የማናውቀው ልጅ ቆሟል፤ አየንና ዞር አለ። ከዚያ ከፊት ለፊት ካለው ቤት ማ ታንዲ፣ የጥንት ደንበኛው፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች።

ኤርሚያስ «ሳውቦና ማ» ብሎ በዙሉ ሰላም አላት።

ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ወደ እኔ ዞራ በዙሉና በእንግሊዝኛ እያቀላቀለች፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ይህ ሰው ዱቄት ተሸክሞ መጥቶ እስከ መቃብር አብሯቸው እንደሄደ ነገረችኝ። ቀጥላም ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ማይ ፍሬንድ፣ ስምህ ግን ማን ነው?»

ደንበኞቻችን ሁላችንንም «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉን። ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ነግሯት አያውቅም። አፉን ከፈተ። «ኤር...» አለና ምላሱ ተያዘ። እንደገና ሞከረ። እኔ ልናገርለት ስል በዓይኑ ከለከለኝ።

«ኤር... ሚ።»

«ኤሚ» አለች። «ሃምባ ካህሌ፣ ኤሚ። በደህና ሂድ።»

ሳላርማት ሞተሩን አስነሣሁ።

ወደ ኤርፖርት

ከቮስሎሩስ ልንወጣ ስንል አንድ የትራፊክ መብራት፣ እዚህ ሮቦት የሚሉት፣ ቀይ በራ። ፍሪሲዮን ስረግጥ ከሥር ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ፔዳሉ ሞቶ ወለሉ ላይ ተኛ። መኪናዋ ዘለለችና ጠፋች። የፍሪሲዮኑ ገመድ ተበጥሷል። መለዋወጫው ሮዘተንቪል ጋራዡ ግድግዳ ላይ ነው። ከኋላችን የሚኒባስ ታክሲዎች ጥሩንባ ቀለጠ። ስምዖን ደወለ።

«የት ደረሳችሁ? በሩ ሊዘጋ ነው እኮ!»

«ታክሲ ልጥራልህ» አልኩት ኤርሚያስን።

ራሱን ነቀነቀ። «አስነሣ። በማርሽ... አስነሣ።»

ማርሹ አንደኛ ላይ እንዳለ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው መኪናዋን ራሷን እየጎተተ አንቀሳቀሳት፤ ሞተሩም ተነሣ። ሁለተኛ ላስገባ ስሞክር ካምቢዮው እንደሚታረድ በግ ጮኸ። ኤርሚያስ እጄን ገፋው።

«መሪህን ያዝ። ነዳጅ... ልቀቅ።»

እግሬን ከነዳጁ አነሣሁ። ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣል አድርጎ ጠበቀ፤ ድምፁ ሲወርድ፣ ሲወርድ... እና ማርሹን ድምፅ ሳያሰማ አስገባው። ሦስተኛም እንዲሁ። ሰማዩ ላይ ደመና የለም፤ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል፤ ከዓይኑ በብርዱ ይሁን በሌላ እንባ ይፈሳል። ባገኘን ቀይ ሮቦት ሁሉ አጥፍተን በማርሽ እናስነሣለን፤ ባትሪው በየጊዜው እየደከመ ይሄዳል። የመጨረሻው ሮቦት ከሩቅ ሲቀላ ሁለታችንም አየነው። እዚያ ከቆምን አንነሣም።

«ጌታ ሆይ» አለ ኤርሚያስ።

ፍጥነቴን ቀነስኩ። አንድ ትልቅ ጭነት መኪና እየተሳደበ አለፈን። በእግር የሚሄድ ሰው እስኪቀድመን ድረስ ተሳብን። መስመሩ ላይ ልንደርስ ስንል አረንጓዴ ሆነ። ኤርሚያስ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ኤርፖርት

መንገደኛ የሚያወርዱበት ቦታ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። ጥበቃው «እዚህ ማቆም ክልክል ነው!» እያለ መጣ፤ ኤርሚያስን ሲያይ ተሽከርካሪ ወንበር አምጥቶ ያዘልን። ስምዖን ፓስፖርቱን እያውለበለበ ወደ እኛ ሮጠ። ከመኪናዋ ስናወጣው ኤርሚያስ በቀኝ እጁ ኮሌታዬን ያዘ።

«ሽጣት።»

«አልሸጣትም። ስትድን ትመጣለህ፤ ገና...»

«አልመጣም» አለኝ። «ብቻህን... አትችላትም።»

ቅሬታም ቁጣም አልነበረበትም። ይህ ብሎን እዚህ አይገባም ሲለኝ በነበረው ድምፅ ነው የተናገረው። ሳምኩት፤ ጢሙ ቀዝቅዟል። የኤርፖርቱ ሠራተኛ እየገፋ ወሰደው። ዞሮ ማየት አልቻለም፤ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሣ። በሩ እስኪዘጋ ድረስ አላወረዳትም።

ሮዘተንቪል፣ ከሰዓት በኋላ

ስምዖን በባኪው በገመድ ጎትቶ መለሰን። እኔ ሞተሯ ዝም ባለ መኪና ውስጥ መሪ ይዤ ፍሬን ብቻ እየረገጥኩ ተከተልኩት። ጋራዡ ደርሰን ገፍተን ስናስገባ ስምዖን ገመዱን እየጠቀለለ፣ «እንግዲህ ምን ታደርጋታለህ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ተቃቅፈን ቆየንና የራሱን ሱቅ ሊከፍት ሄደ።

አዲሱን የፍሪሲዮን ገመድ ከግድግዳው አውርጄ ከመኪናዋ ሥር ተኛሁ። የሲሚንቶው ብርድ በጀርባዬ ዘልቆ ገባ። ይህ ሥራ የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከሥር ሆኖ ዳዶውን ያጠብቃል፣ አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል። ገመዱን አሳለፍኩ፤ ዳዶውን አስገባሁ።

«ኤርሚ፣ ርገጥ!» አልኩ።

ቁልፉን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። የጎረቤት ውሻ ጮኸና ተወ።

ከሥር ወጥቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ረገጥኩ። ላልቷል። ወርጄ ገባሁ፣ ትንሽ አጠበቅኩ፣ ወጣሁ፣ ረገጥኩ። አሁንም ላልቷል። ተመልሼ ገባሁ።